የቲማቲም ቀለብ

ቲማቲም አምራች ፍሬው ቂጡ ላይ ጠቁሮ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚሄደው መድኃኒት ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ይገዛል፣ ይረጫል፤ በሳምንቱ የጠቆረው ፍሬ በዝቶ ይጠብቀዋል። የሚገደል ተባይ፣ የሚጠፋ ሻጋታ ከሌለ መድኃኒቱ ምን ያድርግ? ፍሬው የጠቆረው ካልሲየም አጥሮት ነው። የሚገርመው ደግሞ ካልሲየሙ ብዙውን ጊዜ እዚያው ከሥሩ አጠገብ፣ አፈሩ ውስጥ መኖሩ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ተክሉን ራሱን መተዋወቅ ያስፈልጋል። ለትውውቁ እንደ ዲምቱ ያለ ቦታ ይመቻል። ዲምቱ የዱጉና ፋንጎ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከወላይታ ደጋ ወደ ብላቴ ሸለቆ ሲወረድ እንሰቱ እየሳሳ፣ ግራሩ እየበዛ፣ ሙቀቱም እየከበደ ይሄዳል። ብላቴ ከጉራጌና ከስልጤ ከፍታዎች ተነስቶ፣ ወላይታንና ሲዳማን እያዋሰነ ዓባያ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። በልጉም ክረምቱም እንደ ልብ በማይታመንበት በዚህ ዓይነቱ ቆላ፣ ቲማቲም ለገበያ ማምረት ማለት ፓምፕ፣ ነዳጅና ቦይ ማለት ነው። ፀሐዩና ውሃው ተክሉን በአንድ ጊዜ ይፈትኑታል፤ ቀለቡ የተስተካከለ እንደሆነና እንዳልሆነም እዚህ ቶሎ ይታያል።

ቲማቲም በዘሩ ደካማ አይደለም። የዱር ዘመዶቹ በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ግራና ቀኝ፣ በተለይ በፔሩና በኢኳዶር ይበቅላሉ፤ ከዓለም ደረቅ ምድሮች አንዱ በሆነው በአታካማ በረሃ ዳርቻ የሚኖርም አለ። የጋላፓጎስ ደሴቶቹ ዘመዱ ደግሞ ከባሕሩ አፋፍ ላይ፣ ጨው በሚረጭበት ቦታ ይኖራል። የዱር ቲማቲሞችን እየዞረ የሰበሰበው የካሊፎርኒያው ተመራማሪ ቻርለስ ሪክ፣ የዚህ ተክል ዘር በደሴቱ ግዙፍ ኤሊ ሆድ ውስጥ ሲያልፍ የተሻለ እንደሚበቅል ያሳየ ሰው ነው። ሰው ግን ትልቅ፣ ቀይና ውሃ የሞላው ፍሬ ሲመርጥ ኖሯል፤ በምርጫው ውስጥ ያ ጥንካሬ አብዛኛው ቀርቷል። ከመልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል የወጡት እነ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳም ሆኑ ከውጭ የሚገቡት ዲቃላ ዘሮች፣ ከዱሩ ዘመዳቸው ይልቅ የሰው እጅ ይጠብቃሉ።

ወደ ጠቆረው ፍሬ እንመለስ። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ብቻ ነው፤ ውሃው ወደሄደበት ይሄዳል፣ ከደረሰበትም አይመለስም። አሮጌ ቅጠል ውስጥ የገባ ካልሲየም ለተራበ ፍሬ ብድር አይሆንም። ውሃው ደግሞ የሚሄደው በብዛት ወደሚተንበት ነው። ቅጠል በትንንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያወጣል። የቲማቲም ፍሬ ልጣጭ ግን አንድም እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉ ውሃውንም ካልሲየሙንም ጠራርጎ ይወስዳል፤ ለፍሬው የሚተርፈው ጥቂት ነው። አንድ መቶ ግራም የበሰለ ቲማቲም 237 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሺየም ሲኖረው ካልሲየሙ ግን ከ10 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። ጤነኛው እንኳ እንዲህ ከሆነ ትንሽ ቢጎድል የሚሆነውን መገመት ይቻላል። ከዘንጉ ጋር ከሚያያዝበት ከእንብርቱ እጅግ የራቀው የፍሬው ጫፍ መጀመሪያ ይጎዳል፤ የሴሎቹ ግድግዳ ይላላል፣ ውሃ የቋጠረ ነጥብ ይወጣል፣ ከዚያም ይጠቁርና እንደ ቆዳ ይደርቃል። ረዘም ያለ ቅርጽ ያላቸው እንደ ሮማ ያሉ ዝርያዎች ከክቦቹ ይበልጥ ይጠቃሉ።

ፍሬው ድርሻውን የሚያገኘው ሌሊት ነው። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ማታ ውሃ የጠገበ ማሳ ውስጥ ገብቶ ቅጠሉን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ከጥርሳማው የቅጠል ጠርዝ ጫፍ ጫፉ ላይ የተደረደሩ ጠብታዎች ያገኛል። ጤዛ ይመስላሉ፤ ጤዛ ግን ቅጠሉን በሙሉ ያረጥበዋል እንጂ ጫፍ አይመርጥም። እነዚህ ከውስጥ የወጡ ናቸው። ሌሊት ቅጠሉ ሲያርፍ ሥሩ ውሃ ወደ ላይ መግፋቱን አያቆምም፤ ግፊቱ ቅጠሉን አጥግቦ በጠርዙ ሲፈስ፣ ፍሬው ጋም ካልሲየም ይዞ ይደርሳል። አፈሩ ደርቆ ካመሸ ግን ይህ ግፊት የለም። ሦስት ቀን አድርቆ በአራተኛው ቀን ማሳውን ማጥለቅለቅ፣ ብዙ ውሃ የፈሰሰ ቢመስልም፣ ፍሬውን አያድንም። በተለይ አበባው ከረገፈ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ፍሬው በፍጥነት ሲያድግ የተዛባ ውሃ ያስከተለው ጉዳት በኋላ፣ ፍሬው ሲተልቅ ይገለጣል። ድንገት የሚመጣው ብዙ ውሃ ደግሞ የደረሰውን ፍሬ ይሰነጥቀዋል። በእኔ እምነት በቆላ ለቲማቲም የሚሰጠው የመጀመሪያው ማዳበሪያ ሰዓቱን የጠበቀ ውሃ ነው።

ሙቀት ሌላ ፈተና ነው። ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍና ሌሊቱም ከ21 ዲግሪ በታች አልወርድ ሲል፣ የአበባው ዱቄት ይመክናል፤ አበባው ከነአንገቱ ይረግፋል። ገበሬው ለምለም ተክል እያየ ፍሬ ያጣል። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒንም በከፍተኛ ሙቀት መሠራቱን ያቆማል፤ ፍሬው ብርቱካንማ ሆኖ ይቀራል፣ በገበያም ያልበሰለ ይባላል። ሙቀቱን ማንም አይቀንሰውም፤ ተክሉን ግን ለሙቀቱ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ፖታሺየም እዚህ ላይ ይገባል።

በቅጠል ቀዳዳ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ሴሎች አሉ፤ እንደ በር ዘበኛ ቀዳዳውን የሚከፍቱትና የሚዘጉት እነሱ ናቸው። የሚሠሩት በፖታሺየም ነው፦ ሲገባባቸው ውሃ ይስባሉ፣ ያብጣሉ፣ በሩ ይከፈታል፤ ሲወጣ ይሟሽሻሉ፣ ይዘጋል። ፖታሺየም ያነሰው ተክል ድርቅ ሲመጣ በጊዜ መዝጋት ያቅተዋል፤ ውሃውን ይበትናል። ስኳር ከቅጠል ወደ ፍሬ የሚሄደውም በዚሁ ንጥረ ነገር እገዛ ነው። በእንብርቱ ዙሪያ ቢጫና ጠንካራ ሆኖ የሚቀር፣ እኩል የማይበስል ቲማቲም ብዙ ጊዜ የዚህ እጥረት ምልክት ነው። ቲማቲም ከአፈር ከሚወስዳቸው ንጥረ ነገሮች ሁሉ በብዛት የሚወስደውም ፖታሺየምን ነው፤ ከናይትሮጅን እንኳ ይበልጣል።

ገበሬው በብዛት የሚገዛው የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ግን ፖታሺየም የለም። ማዳበሪያን በ1960ዎቹ ለብዙ የወላይታ ገበሬ ያስተዋወቀው በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ዋዱ ነበር። በዚያው ዘመን በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የነበረው አሜሪካዊው መርፊ የአገሪቱን አፈር ናሙና መርምሮ ፖታሺየም አያንሰውም አለ። ያ ድምዳሜ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ ኖረ፤ አገሪቱም ዳፕና ዩሪያ ብቻ ስታስገባ ቆየች። በ2000ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ከሚጎድሉት ንጥረ ነገሮች ተርታ ድኝና ቦሮንን ጨመረና ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ ነው፤ ፖታሽ፣ ማለትም ፖታሺየም የያዘው ማዕድን፣ የለበትም። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶ ናይትሮጅን ብቻ ነው። በወላይታ ደጋ በኩል፣ በዳሞት ጋሌ፣ በዳሞት ሶሬና በሶዶ ዙሪያ የተደረጉ የአፈር ጥናቶች ግን ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ የፖታሺየም ችግርም እንዳለ አሳይተዋል። አገሪቱ በዳሎል የፖታሽ ክምችት ላይ ተቀምጣ፣ ጣሊያኖች ከመቶ ዓመት በፊት ሲያወጡት የነበረውን ማዕድን ለገበሬዋ ማቅረብ አለመቻሏ ያስቆጫል።

ወላይታ ይህን ክፍተት የምትሞላበት የቆየ ጥበብ ነበራት፤ አሁንም አላት። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱና ቡናው የሚተከልበት፣ ፍግ፣ አመድና የቤት ጥራጊ ለዘመናት ሲደፋበት የኖረው ጥቁርና ልል መሬት ዳርኮዋ ይባላል። ከቤት የራቀው፣ ፍግ የማያገኘው ማሳ ደግሞ ሾቃ ነው። ዳርኮዋ ውሃ ይይዛል፣ ፖታሺየሙንም ቀስ እያለ ይሰጣል። ችግሩ ቲማቲም ውሃ ወዳለበት ወደ ወንዝ ዳር መውረዱ ላይ ነው። ፍጉ ከላይ ከቤቱ ጋር ቀርቶ፣ ተክሉ ታች ከፓምፑ ጋር ይውላል፤ መሃል ላይ የሚያገናኛቸው ጆንያ ብቻ ነው። ፍግ ተሸክሞ ቁልቁል መውረድ ከባድ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለመላው ማሳ ባይዳረስ እንኳ ችግኙ በሚተከልበት ጉድጓድ የበሰበሰ ፍግ አንድ አንድ እፍኝ መጨመር ይቻላል። ያልበሰበሰው ሥር ያቃጥላል።

አመድ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። አመድ ፖታሺየምም ካልሲየምም አለው፤ የአፈርን አሲድነትም ይቀንሳል። ለደጋው ቀይ፣ አሲዳማ አፈር ይህ በረከት ነው። በስምጥ ሸለቆው ወለል ያለ አፈር ግን ብዙ ጊዜ አሲዳማ አይደለም፤ ባይሆን ወደ ተቃራኒው ያደላል። እዚያ ላይ አመድ ሲደፋ ብረትና ዚንክ ለሥሩ ይቆለፋሉ፤ ለጋ ቅጠሎቹ ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መሃል ያለው ይገረጣል። ጎረቤት ያዋጣው ነገር ለእኔም ይሠራል ከማለት በፊት አፈር ማስመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዩሪያም በቆላ ሁለት ጥፋት አለበት። ከላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ከቀረ፣ በሞቃትና አሲድነት በሌለው አፈር ላይ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ገንዘቡ በአየር ይሄዳል ማለት ነው። በብዛት ሲሰጥ ደግሞ ቅጠል ያበዛል። የበዛው ቅጠል ከፍሬው ጋር በካልሲየም ይሻማል፤ ከዩሪያው የሚገኘው አሞኒየምም ራሱ ሥር ላይ የካልሲየምን መግቢያ ያጣብባል። ማሳው ለምልሞ ፍሬው ቂጡ የሚጠቁረው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ከፋፍሎ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አፈር እያለበሱና ወዲያው እያጠጡ መስጠት ይሻላል። ፖታሽም ቢሆን ተገኘ ተብሎ ያለ ልክ አይበተንም፤ ሲበዛ እሱም ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ያግዳል።

ስለ ጨው ባጭሩ፦ ቲማቲም የአፈሩ ጨዋማነት በመለኪያው ከ2.5 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ለእያንዳንዱ የአንድ ዴሲሲመንስ ጭማሪ ከምርቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል። በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራ፣ ማፋሰሻ ያልተበጀለት መስኖ መሬቱን ጨው አድርጎ ሲያስጥል ታይቷል። ብላቴ ዳርም የሚያጠጣ ሰው ለማፋሰሻው ቦይ ከማጠጫው ያላነሰ ትኩረት መስጠት ይኖርበታል።

ቂጡ የጠቆረ ፍሬ ያየ አምራች ፀረ ሻጋታ ከመግዛቱ በፊት አፈሩን አንድ ክንድ ቆፍሮ እርጥበቱን ይይ፤ ደረቅ ከሆነ የውሃውን ተራ ያቀራርብ፣ ከግንዱ ዙሪያም ድርቆሽ ወይም የበቆሎ አገዳ ይጎዝጉዝ። ማዳበሪያ የሚያከፋፍሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ለአትክልት አምራቹ ከተለመደው ማዳበሪያ ጎን ፖታሽ እንዲገባለት ይጠይቁ፤ ጥያቄው ከመትከያው ወቅት በፊት መቅረብ አለበት።