ያጌጠ ሳሎንና የጠቆረ ማድ ቤት

በየከተማው በምናደርገው የቤት ለቤት ጉብኝት ብዙ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የዕረፍት ሰዓታቸውን በእጅ ሥራ እንደሚያሳልፉ ተመልክተናል። አንዱ ጣውላ ልጎ የመጻሕፍት መደርደሪያ ያበጃል፤ ሌላው የግድግዳውን ቀለም ያድሳል፤ የቤቱ እመቤት ለወንበሩ መደገፊያ ዳንቴል ትሠራለች፥ ወይም አዲስ ዐይነት ወጥ ትሞክራለች። ይህ ሁሉ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም። ሰው ወዶ የሚሠራው ሥራ ታዝዞ ከሚሠራው ይልቅ የተጣራ ስለ ሆነ፥ የጤና ባለሙያ በብዙ ምክር ያላስፈጸመውን የቤት መሻሻል አንድ መዶሻ የሚወድ አባወራ በሁለት እሑድ ሲፈጽመው አይተናል።

ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለን። ይህ ባለሙያ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሳሎኑ አልፎ ወደ ጓሮ አይዘልቅም።

ቅሬታችንንም በሰው ቤት ከምንጀምር በራሳችን ቤት ብንጀምር ይሻላል። ትምህርታችንን በአሜሪካ ጨርሰን በተመለስንበት ዓመት የእናታችንን ቤት ለማሳመር ተነሣን። ሳሎኑን ነጭ ቀለም ቀባን፤ ለሬዲዮኑ መቀመጫ ሠራን፤ ፎቶግራፎችን በመስተዋት አስገብተን ሰቀልን። የመጣ እንግዳ ሁሉ አመሰገነን። እናታችን ግን ከጓሮ ባለችው፥ መስኮት በሌላት ማድ ቤት ዐይናቸው ቀልቶ፥ በየማለዳው እየሳሉ እንጀራ ይጋግሩ ነበር። እኛም የሳንባን ሕመም ከመጽሐፍ የተማርን ሰዎች ሳለን፥ ሳሉ የእርጅና ነው ብለን አለፍነው። አንድ ቀን ልናግዛቸው ፈልገን ወደ ማድ ቤቱ ብንገባ ከጢሱ የተነሣ ፊታቸውን ለማየት አልቻልንም። በመዳፋችን አፋችንን ይዘን ስንወጣ ከኋላችን እንዲህ አሉን፦ «ልጄ፥ ሳሎኑስ አምሯል፤ እሱ የእንግዳ ነው። እኔ የምውለው እዚህ ነው።»

መዶሻችንን ወደ ጓሮ የወሰድነው ከዚህ ቃል በኋላ ነው።

የማገዶ ጢስ ጉዳት ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ የበዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከመሰለው ነገር በሚወጣ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። ጉዳቱም በግድግዳው ላይ ከሚታየው ጥቀርሻ ብቻ አይደለም። ከራስ ጠጕር ውፍረት ሠላሳ እጅ የሚያንስ ብናኝ ከጢሱ ጋር ተስቦ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳል። በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን እናቱ የምትተነፍሰውን ያንኑ አየር ይተነፍሳል፤ ሳንባው ገና ያልጠነከረ ስለ ሆነም ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት ከብዙ ዓመት በኋላ አጫሾችን በሚያጠቃው ደረቅ የሳንባ ሕመም ስትታመም ማየት በሐኪም ቤት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሥራችን እንደሚከተለው ነበር። በመጀመሪያ ከጣራው ክዳን ሥር ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ክንድ የሚያህል ቀዳዳ ከፈትን፤ አይጥ እንዳይገባም በሽቦ ወንፊት ሸፈንነው። ትኩስ ጢስ ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫውም ከላይ መሆን አለበት፤ በሩ ዝቅተኛውን ንጹሕ አየር ያስገባል። ቀጥሎም ሦስቱን ጕልቻ አንሥተን በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራውን «ምርጥ» የተባለ የእንጀራ ምድጃ ተከልን። ይህ ምድጃ ዙሪያውን የተዘጋ ስለ ሆነ እሳቱን ለምጣዱ ይሰበስባል፤ በጕልቻ ላይ ከሚነደውም ማገዶ እስከ ግማሽ ያተርፋል፤ ከኋላው በሚወጣው ትኩሳት ላይም ድስት ይጣዳል። ከጕልበት ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ ስላስቀመጥነው እናታችን እንደ ቀድሞው አይጐብጡም፤ የሚድኽ ሕፃንም ወደ እሳቱ አይደርስም። ምድጃው ጢሱን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ ስለማያጠፋው ቀዳዳዎቹን ተክቶ አይሠራም። እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰውም ከየትኛውም ምድጃ ብዙ ጥቅም አያገኝም፤ ማገዶው ተፈልጦ ከዝናብ በተከለለ ቦታ ይድረቅ።

እናታችን መጀመሪያ ተቃውመውን ነበር። ጢስ የሣር ክዳንን ከነቀዝ ይጠብቃል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን የማድ ቤታቸው ክዳን ቆርቆሮ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ጭድ የገባበትን ጭቃ ለጥቂት ቀናት አቡክተን የግድግዳውን ስንጥቅ መረግን፤ ትኋን የሚሸሸገው በእንዲህ ያለ ስንጥቅ ውስጥ ነውና። ሲደርቅም ኖራ ቀባነው። ያልሞተ ኖራ ውሃ ሲነካው ስለሚፈላ፥ ኖራው ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይፈስም፤ የሚያዋሕደውም ሰው ዐይኑን ይሸፍን፥ ልጆችም ይራቁ።

ለከተማ ሰው ሌላ ነገር እንጨምራለን። በክረምት ብርድ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት አደገኛ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የሚሞቅ ነገር ለሚፈልግ ቤተሰብ ከማንደጃው ይልቅ ወፍራም የአልጋ ልብስ ይሻለዋል። ይህም ወደ ሁለተኛው የእጅ ሥራ፥ ወደ ድሪቶ ያደርሰናል።

ድሪቶ በኛ ዘንድ የድኽነት ምልክት ሆኖ ይናቃል። በተማርንበት አገር፥ በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያት ሴቶች ግን ካለቀ የሥራ ልብስ ቍራጭ እየገጣጠሙ ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያድኑበት የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። ያ ሥራቸው በ2002 እ.ኤ.አ. በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ለሕዝብ ታየ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ አተመው። ለኛም ሴቶችና ወንዶች፥ በተለይም ስፌት ለሚያስተምሩ መምህራን፥ አሮጌ ሸሚዝና ቀሚስ በቀለም እየመረጡ መግጠም የሚያስደስት ሥራ ነው።

ሆኖም አሮጌ ልብስ ከቅማል ጋር ሊመጣ ይችላል። የልብስ ቅማል ዕንቍላሉን የሚጥለው በስፌቱ መስመር ውስጥ ነው፤ ድሪቶ ደግሞ ሁለመናው ስፌት ነው። ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ሲሠራ፥ ታይፈስ የተባለው ተስቦ የያዘው ሕመምተኛ ገላው ታጥቦ የገዛ ልብሱ ከተወሰደ በኋላ ሕመሙን ለሌላ እንደማያጋባ አስተዋለ፤ በ1909 እ.ኤ.አ.ም በሽታውን የሚያመላልሰው ቅማል መሆኑን አረጋገጠ። እየተመላለሰ የሚያገረሸውን ትኩሳትም ይኸው ነፍሳት ያስተላልፋል። ስለዚህ ቍራጩ ከመሰፋቱ በፊት ይቀቀል፤ ስፌቱም በጋለ ካውያ ይተኰስ። ድሪቶውን በአዝራር በሚዘጋ የአቡጀዲ ልብስ ማልበስ መልካም ነው፤ አቡጀዲው በየሳምንቱ እየወለቀ ይታጠባል።

ስለ ወጥ ሥራ የምንለው ጥቂት ነው፤ ባለሙያዎቹ ከኛ ይበልጣሉና። በርበሬ በእርጥብ መሬት ላይ ከተሰጣ ወይም ሳይደርቅ ከተከተተ ይሻግታል፤ አንዳንዱ ሻጋታ የሚያወጣውም መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። በአልጋ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ፥ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሰጣ፤ የሻገተው ተለቅሞ ይጣል እንጂ ከደኅናው ጋር አይደለዝ። ወጥ መሥራት የሚወዱ ወንድ መምህራን መኖራቸውንም እናውቃለን፤ ጓደኞቻቸው ስለሚስቁባቸው ይደብቁታል። አይደብቁት፤ ማድ ቤት ገብቶ የሚያበስል ወንድ መስኮት ለመክፈት ሁለት ሳምንት አይፈጅበትም።

የእናታችን ሳል ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልለቀቃቸውም። ለብዙ ዓመታት የተጎዳ ሳንባ እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ከባሕር ማዶ በተመለስን ሰሞን ነጭ ቀለሙን ወዴት መውሰድ እንደ ነበረብን አሁን እናውቃለን። ጎረቤቶቻቸው ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ዛሬ የሚቀመጡት ከማድ ቤቱ ነው፤ ሳሎኑ ከነሬዲዮኑ ተዘግቶ ይውላል።