ትኋን፦ አለያየቱና ከቤት አወጣጡ

ትኋን ሰው በተኛበት ሰዓት ከስንጥቅ ወጥቶ ደም የሚመጥ፣ ሲጠግብም ወደ ስንጥቁ የሚመለስ ክንፍ አልባ ሦስት አፅቄ ነው። ያደገው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሳይበላ ሲታይ የተልባ ፍሬ ይመስላል፤ ሞላላ፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው። ደም ከጠጣ በኋላ ግን ሆዱ ተነፍቶ ይረዝማል፣ መልኩም ወደ ጥቁር ቀይ ይለወጣል፤ ጠዋት ፍራሽ ላይ ያየው ሰው ሌላ ነፍሳት ሊመስለው ይችላል። በስድስት እግሩ ፈጠን ብሎ ይሄዳል እንጂ እንደ ቁንጫ አይዘልም፣ እንደ ቢምቢም አይበርም። የሰው ደም የሚመጡት ዋና ዋና ዝርያዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ሲሜክስ ሌክቱላሪየስ ይባላል፤ ሌላው ሲሜክስ ሄሚፕተረስ ሞቃት አገሮችን ይመርጣል። ለቤቱ ባለቤት ልዩነታቸው ብዙም አይጠቅመውም፤ አኗኗራቸውም መከላከያቸውም ተመሳሳይ ነው።

ሴቷ ደም እስካገኘች ድረስ በቀን ከ1 እስከ 5 እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋ ከ200 በላይ ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ነጭ ጤፍ ያህላል። ሙጫ በመሰለ ፈሳሽ ከእንጨትና ከጨርቅ ጋር ስለሚጣበቅ በመጥረጊያ ተጠርጎ አይወርድም። ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። ግልገሉ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ደም ካልጠጣ በነጭ አንሶላ ላይ ለማየት ያስቸግራል። እስኪያድግ ድረስ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፤ ለእያንዳንዱም አስቀድሞ ደም መጥገብ አለበት። ቤቱ ሞቃት ከሆነና ተኚ ካልጠፋ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና ያለውን ጊዜ በ5 ወይም በ6 ሳምንት ይጨርሳል። ደም ካጣ ደግሞ ለወራት ጾሞ ይቆያል፤ ብርድ በበዛበት ቦታ ጾሙ ይበልጥ ይረዝማል። ስለዚህ ቤቱን ዘግቶ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ዘመድ ቤት ማደር ትኋኑን አይገድለውም። እንዲያውም በሻንጣና በብርድ ልብስ ተሸሽጎ ወደ ዘመድ ቤት ይከተላል።

ትኋን ተኚውን የሚያገኘው በትንፋሹ፣ በሰውነቱ ሙቀትና በጠረኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ሌሊቱ ከገፋ በኋላ፣ እንቅልፍ ሲከብድ ነው። ምራቁ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ የተነከሰውንም ቦታ ያደነዝዛል፤ ተኚው የማይነቃው ለዚህ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጥጦ ይመለሳል። ማሳከኩና እብጠቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ አንዳንዱ ላይ በማግስቱ፣ አንዳንዱ ላይ ከቀናት በኋላ። አንድ አልጋ ላይ ከሚተኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ክንዱና አንገቱ ሲያብጥ ሌላው ምንም ምልክት ላይታይበት ይችላል። ያላበጠው ግን አልተነከሰም ማለት አይደለም፤ ቆዳው ምላሽ አልሰጠም እንጂ። ትኋን በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ እንቅልፍ ይነሳል፣ በጥፍር የታከከው ቁስል ያመረቅዛል፣ ከመጠን በላይ በፈላበት ቤት ደግሞ የሕፃናትን ደም እስከማሳነስ ይደርሳል። የተነከሰውን ቦታ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ አለማከክ፣ ካስፈለገም ሐኪም የሚያዘውን የማሳከክ ማስታገሻ መውሰድ ይበቃል።

ንክሻ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የቁንጫ ንክሻ በብዛት ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ ይታያል። ቅማል ከሰውነትና ከልብስ ስፌት አይርቅም። የትኋን ንክሻ ልብስ ባልሸፈነው ገላ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በረድፍ ወይም በአንድ ቦታ ተሰባስቦ ይወጣል፤ ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም። ማረጋገጫው አልጋው ላይ ነው የሚገኘው። ትራስ ላይ የደም ጠብታ፣ አንሶላና ፍራሽ ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ይገኛል። ነጠብጣቡ የትኋኑ ዓይነ ምድር ማለትም የተፈጨ ደም ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ እንደ ቀለም ይሰራጫል። ከእርሱ ጋር ባዶ የቆዳ ቅርፊትና እንቁላል አይጠፋም። ብዙ ትኋን ባለበት ክፍል ውስጥ ጥሬ ድንብላል የሚያስታውስ ጣፋጭ መሰል ሽታ ይሸታል።

ፍተሻው በእጅ ባትሪና በጠንካራ ካርድ ይካሄዳል። ካርዱን በስፌትና በስንጥቅ ውስጥ ሲስቡት ተደብቆ ያለውን ያወጣዋል። መጀመሪያ የሚፈተሸው የፍራሹ ጠርዝ ስፌት ነው፤ በተለይ የራስጌው ማዕዘን። ቀጥሎ የአልጋው መጋጠሚያ፣ የምስማርና የቡሎን ቀዳዳ ይታያል። ጠፍር አልጋ ከሆነ ጠፍሩ እንጨቱን በስቶ የሚያልፍበት ቀዳዳና ጠፍር በጠፍር ላይ የሚደራረብበት ቦታ ሁሉ መታየት አለበት። አንዱን ጠፍር በጣት ገፋ ሲያደርጉት ከሥሩ ሦስት አራት ትኋን፣ ነጭ እንቁላልና ጥቁር ነጠብጣብ አንድ ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። ትኋን ጀርባውም ሆዱም የሚነካው ጠባብ ቦታ ስለሚወድ አንድ ካርድ የሚያስገባ ክፍተት ይበቃዋል። በጭቃ ቤት ምርጊቱ የተሰነጠቀበት ግድግዳ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ጀርባና የማዳበሪያ ኮርኒስ እጥፋት መኖሪያው ነው። በብሎኬት ቤት ደግሞ የሶፋ ስፌት፣ የመጋረጃ እጥፋት፣ የግድግዳ ሥዕል ጀርባና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ይፈተሻል።

ትኋን የቆሻሻ ቤት ምልክት ነው የሚለው አመለካከት ብዙ ቤተሰብ ችግሩን እንዲደብቅ፣ ትኋኑም ተመችቶት እንዲፈላ አድርጓል። የሚፈልገው ደምና ስንጥቅ ነው፤ በጣም ንጹሕ በሆነ ቤትም ሁለቱንም ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጸው የፓሪስ ከተማ ዋና ወሬ ትኋን ሆኖ ሰንብቷል። አዲስ ነገርም አይደለም፤ በግብፅ አማርና በተባለው ጥንታዊ ሥፍራ በተደረገ ቁፋሮ ከ3,300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የትኋን ቅሪት ተገኝቷል። ትኋን ወደ ቤት የሚገባው በመንገደኛ ሻንጣ፣ ባገለገለ ፍራሽና ሶፋ፣ ከአልጋ ቤት በመጣ ልብስ፣ በተከራዮች መካከል ባለ የግድግዳ ቀዳዳ ነው። የጓዝ መብዛት ትኋንን አያመጣም፤ መደበቂያውን ግን ያበዛለታል፣ ማጥፋቱንም ያከብደዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ በዓለም ዙሪያ ሲረጭ ትኋን በብዙ አገር ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1947 በሃዋይ ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ፓይሬትሮይድ የሚባሉት፣ ዛሬ በአብዛኛው የፍሊት ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት መርዞችም አቅማቸው ተዳክሟል። ከእነዚህ መርዞች ተርፎ የተራባው ትኋን ቆዳው ወፍሯል፣ ሰውነቱም መርዙን መስበር ችሏል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ትኋን እንደገና የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፍሊት ነፍቶ በር መዝጋት ብዙ ጊዜ ውጤቱ ሌላ ነው፦ ፊት ለፊት ያገኘውን ይገድላል፣ የቀረውን ወደ ግድግዳው ውስጥና ወደ ጎረቤት ክፍል ይበትናል፣ እንቁላሉን ደግሞ አይነካውም።

ትኋን የማይለምደው መርዝ ሙቀት ነው። በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትልቁም እንቁላሉም በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል። እናቶች ከጥንት ጀምሮ የአልጋ እንጨት ላይ የፈላ ውሃ ሲያፈሱ የኖሩት በትክክለኛ ዕውቀት ነው። ሥራው የሚከሽፈው ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ሳይዘልቅ በላይ በላዩ ሲፈስ፣ ወይም አንድ ጊዜ ተሠርቶ ሲተው ነው።

ዘመቻው በአንድ ቀን ተጀምሮ በቅደም ተከተል ይሄዳል። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ እዚያው ክፍል ውስጥ በፌስታል ታስረው ይወጣሉ፤ ሳይታሰሩ በእቅፍ ከተወሰዱ ትኋኑ በየመንገዱ ይራገፋል። ሙቀት የሚችለው ልብስ በ60 ዲግሪ ወይም በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ ማድረቂያ ማሽን ያለው ሰው በከፍተኛ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ማዞሩ ይበቃዋል። መታጠብ የማይችል መጽሐፍ፣ ጫማና መጫወቻ በፌስታል ታሽጎ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ለ4 ቀን ይቀመጣል። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት ይረዳል፤ ነገር ግን ላዩ ሲግል መሃሉ ስለማይግል ብቻውን አያድንም። የፍራሹን ስፌት በእንፋሎት ካውያ ቀስ ብሎ መተኮስ የተሻለ ነው፤ ካውያው በአንድ ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ መቆየት አለበት። ቀጥሎ አልጋው ተፈትቶ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በማንቆርቆሪያ በቀጭኑ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ኤሌክትሪክ ወዳለበት ግድግዳ ግን ውሃ አይቀርብም። ቫኪዩም ያለው ሰው ስንጥቁን ሁሉ ይመጥጥና ከረጢቱን አስሮ ወዲያው ከቤት ያወጣል። የደረቀው ስንጥቅ በስቱኮ፣ በጭቃ ቤት ደግሞ በአዲስ ምርጊት ይደፈናል፤ የተለጠፈ ጋዜጣ ይነቀላል። ስንጥቅ መድፈን ማንም የማያሞግሰው ሥራ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እርሱ ነው።

አልጋው ተመልሶ ሲገጠም ከግድግዳ ይርቃል፣ አንሶላውም መሬት አይነካም። እያንዳንዱ እግር ሳሙና ጠብ የተደረገበት ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ይቆማል። ትኋን ወደ ተኚው ለመውጣት ሲሞክር እዚያ ይቀራል፤ ጠዋት ጠዋት ጣሳውን ማየትም ምን ያህል እንደቀረ ይነግራል። ፍራሹን ዙሪያውን በዚፕ በሚዘጋ ልብስ መሸፈን ውስጥ የቀረውን መውጫ ይነሳዋል፤ ልብሱ ቢያንስ ለ1 ዓመት አይከፈትም። በባልካን አገሮች ሰዎች የቦሎቄ ቅጠል በአልጋ ዙሪያ ወለሉ ላይ በትነው ያድሩና ጠዋት ቅጠሉን ከነትኋኑ ያቃጥሉት ነበር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት የቅጠሉ ጥቃቅን ጠጉሮች መንጠቆ ሆነው የትኋኑን እግር ወግተው ይይዙታል። ቦሎቄ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ ስለሚበቅል መሞከሩ ወጪ የለውም፤ የሚይዘው ግን በላዩ የተራመደውን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል። በመጀመሪያው ዙር የተረፈው እንቁላል ያን ጊዜ ተፈልፍሎ ስለሚሆን ግልገሉ አድጎ ሳይጥል ይደረስበታል። ብዙ ቤት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ንክሻው ቀነስ ሲል ድል የተገኘ ይመስልና ሥራው ይቆማል። ጎረቤት ከግድግዳው ማዶ ትኋን ካለበት አብሮ መሥራት ግድ ነው። ተከራይ ለአከራዩ በጊዜ መናገር አለበት፤ በኒው ዮርክ ከተማ አከራዩ ቤቱ ባለፈው ዓመት ትኋን እንደነበረበት ለአዲስ ተከራይ በጽሑፍ እንዲገልጽ ሕግ ያስገድደዋል።

ስለ መርዝ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ለእርሻ የተሠራ ማላታዮን ፍራሽና አንሶላ ላይ አይረጭም፤ ቆዳና ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጋዝና ናፍጣ መቀባት ቤት አቃጥሏል። ከሁሉ የከፋው ለእህል ነቀዝ የሚደረገው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም በግድግዳ ስንጥቅና በቱቦ ወደ ጎረቤት ክፍል ያልፋል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሰዎች ለትኋን ሲሉ ባስቀመጡት ክኒን ጎረቤቶቻቸው፣ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ሞተዋል። በዚያ አካባቢ በጋራ መኖሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ ነገሩን ማወቅ ለሕይወታቸው ያስፈልጋቸዋል። ይህ ክኒን ሰው በሚተኛበት ሕንፃ ውስጥ በፍጹም መግባት የለበትም፤ አጠገብ ያለ ሰው ሲያስቀምጥ ከታየ ሁሉም ከሕንፃው ወጥቶ ለባለሥልጣን መንገር አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።

ትኋን አንድ ሳምንት አለመታየቱ ጠፍቷል አያሰኝም። ጣሳውና የፍራሹ ስፌት በየሳምንቱ እየታየ ለ2 ወር ያህል አዲስ ንክሻም፣ አዲስ ጥቁር ነጠብጣብም፣ በጣሳው ውስጥ የወደቀ ግልገልም ካልተገኘ ትኋኑ ከቤቱ ወጥቷል።