ያውቁ ኖሯል? በመስኮት ብቻ የሚታየው ገሳይና የጉና ዙሪያ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ታቦር ላይ ምሳውን ይበላል፣ የገሳይን ከተማ በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋል፣ ጋሸና ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። የሚያልፈው ግን አንድ ሳምንት የሚያስጎበኝ አገር ነው። አገሩን የሚያውቅ አስጎብኚ ይዘው ከአስፋልቱ ወረድ ቢሉ የሚያገኙትን በአጭር በአጭሩ እነሆ።

ያውቁ ኖሯል? ገሳይን አቋርጦ የሚያልፈው የወረታ–ወልድያ መንገድ የአገሬው ሰው «የቻይና መንገድ» የሚለው በቻይና ብድርና በቻይና ባለሙያዎች ስለተሠራ ነው። ነገሩ የተጀመረው አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1971 ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ ሲሆን፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ የተጠናቀቀው በደርግ ዘመን ነው።

ያውቁ ኖሯል? በገሊላ ያለው የመጽሐፍ ቅዱሱ ደብረ ታቦር ከፍታው 575 ሜትር ብቻ ነው። በስሙ የተጠራችው የደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓልና ከተማዋ በአንድ ስም ይገናኛሉ። ጅራፉ፣ ችቦው፣ ሙልሙሉና ሆያ ሆዬው በሌላውም አገር አለ፤ የደብረ ታቦርን በዓል በደብረ ታቦር ማክበር ግን በዚያ ቀን እዚያ ለተገኘ ሰው ብቻ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር አጠገብ በተደረገው ጦርነት የተሸነፉት ሰው አሸናፊ ሆነው ተገኝተዋል። ደጃዝማች ውቤ የየጁውን ራስ አሊን ድል አድርገው ድግስ ላይ ሳሉ፣ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ራስ አሊ በዚያ ሰዓት ሸሽተው ስለነበር፣ ማሸነፋቸውን የሚነግራቸው ሰው ፈልጎ ሊያገኛቸው ግድ ሆነ።

ያውቁ ኖሯል? ከደብረ ታቦር በእግር በሚደረስበት ጋፋት ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጡት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። መድፍ መሥራት የሙያቸው አልነበረም። ንጉሡ አጥብቀው ሲያዝዟቸው ምድጃ ሠርተው፣ ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ እንደገና ሞክረው ነው የተሳካላቸው። ከመካከላቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በኋላ ሊባኖስ ገብቶ በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በአስፉሪዬ ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሥርቷል።

ያውቁ ኖሯል? ጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ በኩል መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። መድፉን የጎተተው ሰው ነው፤ መንገዱንም ገደል እየናዱ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ የጠረጉት ራሳቸው ንጉሡና ሠራዊታቸው ናቸው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሚያዩት አምሳያው ሲሆን ዋናው ዛሬም መቅደላ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የዘር ሐረጉ ከጋፋት ይደርሳል። አያቱ ማግዳሌና ሆል በጋፋት መድፍ ካቀለጡት አንዱ የሆነው የሞሪትዝ ሆል ልጅ ናት። እናቷ ደግሞ ከኢትዮጵያዊት የተወለደች ነበረች።

ያውቁ ኖሯል? ከገሳይ በላይ ከ4,100 ሜትር አልፎ የሚወጣው የጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። ሁለቱም ጣና ይገባሉ፤ ከጣና ደግሞ አባይ ይወጣል። ጉና ላይ የሚረግጡት እርጥብ ሣር የአባይ ውሃ አንዱ ጓዳ ነው ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጣናና ጉና በከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ጠዋት ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ ጤፍና በቆሎ አልፎ፣ ገብስና ድንች አልፎ፣ እህል የማይበቅልበት ውርጭ ላይ ይቆማል። ፎገራ ሩዝን የለመደው ሩቅ ጊዜ አይደለም፤ ያስተዋወቁት በደርግ ዘመን የመጡ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ድንችም እንግዳ ነው፦ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1858 ነው።

ያውቁ ኖሯል? በክረምት ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ዓሣው ወደ ላይ ይወጣል። ላቤዮባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሣዎች 17 ዝርያዎች ሲታወቁ አብዛኞቹ ከጣና ተፋሰስ ውጭ የትም የሉም። ከእነዚህ የተወሰኑት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በርብና በጉማራ ሽቅብ ዋኝተው ጠጠራማ ገባር ወንዞች ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚይዘው የከርሞውን ዓሣ ጭምር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጉና ላይ የሚታየው ጅብራ የተባለው ተክል በሕይወቱ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለብዙ ዓመታት ሰፋፊ ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ይቆያል፤ ከዚያ ከመካከሉ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ምሰሶ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ግንዱን በጣትዎ መታ መታ ቢያደርጉት ውስጡ ክፍት መሆኑን በድምፁ ያውቁታል። ዙሪያውን ያለው ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ ሣር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጉና ላይ የማያገኙት ቀይ ቀበሮን ነው። ድሮ ነበረ፤ ማሳው ሽቅብ እየገፋ ሲሄድ ከተራራው ጠፋ። በዓለም የቀሩት 500 ገደማ ሲሆኑ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ማየት ከፈለጉ በዚሁ በቻይና መንገድ ይቀጥሉና ከላሊበላ በላይ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ይሞክሩ።

ያውቁ ኖሯል? በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በሳተላይት ምስል ተቆጥረዋል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከእነዚህ 28ቱን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መዝግበዋል። ከታጨደ የገብስ ማሳ ወጥተው አንድ እርምጃ ወደ ደኑ ሲገቡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ መሬቱ ይለሰልሳል፣ የወፉ ድምፅ ይለወጣል። ከብት ቡቃያውን እንዳይበላ አንዳንዶቹ በድንጋይ ካብ ታጥረዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው፤ በአንድ ድካም ደኑ ታጠረ፣ ማሳውም ጸዳ።

ያውቁ ኖሯል? ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ሁሉ መምህር ልሁን ሲል የሚያስመሰክረው ጋይንት ውስጥ ባለችው ቤተ ልሔም ነው። ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አባ አለ። ቤተ ልሔም ሌላም ነገር ደብቃ ኖራለች፦ ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ማንኛዋም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ የሣር ክዳን የለበሰች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ገብቶ ሲያይ፣ በክቡ ቤት ውስጥ ማዕዘን ያላት የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆማ አገኘ። ካህናቱና ተማሪዎቹማ ድሮም ያውቋታል።

ያውቁ ኖሯል? ሞጣንና ደቡብ ጎንደርን ያገናኝ የነበረው የአባይ «ሰባራ ድልድይ» በብዙ ሺህ ማይል ርቀት ድልድይ አሠርቷል። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተገነባ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆርጦ፣ ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ትዕይንት በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ ድልድዩን ሊጠግን መጣ። ጥገናው እ.ኤ.አ. በ2005 በጎርፍ ቢሄድም፣ በኋላ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ፍራንዝ ለዚያ ሥራ ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ በብዙ አገሮች ገጠር ድልድይ ይሠራል።

ያውቁ ኖሯል? ከወረታ ብዙ ሳይርቁ የሚያገኟት አውራ አምባ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተች ስትሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላትም። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል፣ ጥጥም ይፈትላል። አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት አላቸው። የሚያስጎበኙት የመንደሩ ልጆች ናቸው፤ በመውጫዎ ጋቢ ወይም ነጠላ ከሸማኔው እጅ መግዛት ይችላሉ።

ያውቁ ኖሯል? ከጋይንት ቀጥሎ ባለው መቄት ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ2003 «ተስፋ» በተባለ አሠራር እንግዳን ማኅበረሰቡ በሠራቸው ጎጆዎች ማሳደር ጀመሩ። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይጓዛል፣ ጓዙን አህያ ይሸከምለታል፣ ለአዳሩ ከሚከፍለው ከግማሽ በላዩ ለማኅበረሰቡ ይቀራል። ገሳይና ጉና ደግሞ ሰውም ተራራም አላቸው፤ ይህን መሰል ቤት ቢኖራቸው መንገደኛው አንድ ሌሊት የሚያድርበት ምክንያት ያገኝ ነበር።

ለመሄድ ካሰቡ፦ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣሩ አይነሱ። ጉና በበጋም ሌሊቱ ስለሚወርጭ ካፖርት ይያዙ። አስጎብኚውን ከዚያው ከአካባቢው ይቅጠሩ፤ ዋጋውን ከመነሳትዎ በፊት ይነጋገሩ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ከሆነ ነጠላ አይርሱ፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ ይታገሡ፣ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ቄሱን ያስፈቅዱ። አንድ ቀን ብቻ ካለዎት ጠዋት ጋፋት፣ ከሰዓት አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ይበቃል። ሁለት ቀን ካለዎት ሁለተኛውን ለጉና ይስጡ፤ ከሰዓት ደመና ስለሚጫነው በጠዋቱ ይውጡ።