የጌጁ ሐሰተኛ ምስክርነት፤ ስለ መኪና የነዳጅ ፍጆታ

በአገራችን መኪና ያለው ሰው ስለ መኪናው የሚያውቀው ብዙ ነው፤ የተሠራችበትን ዓመት፣ የሞተሯን ጉልበት፣ የመለዋወጫዋን ዋጋ፣ ዛሬ ወደ ገበያ ብትወጣ ስንት እንደምታወጣ፣ ይህን ሁሉ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት እንኳ ሳይሳሳት ይናገራል። ነገር ግን «ነዳጅ ላይ እንዴት ናት?» ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ያ ሁሉ ዕውቀት ድንገት ይከዳውና፣ «ኧረ አትበላም» ወይም «አቤት፣ ስትጠጣ!» በሚል የፍቅር ወይም የምሬት ቃል ይመልሳል፤ አኃዝ ቢጠራም አኃዙ የደላላው ወይም የጎረቤቱ ነው እንጂ እርሱ ራሱ መርምሮ ያገኘው አይደለም። ፍጆታ ግን ባለቤቱ ያለ መካኒክና ያለ መሣሪያ፣ በእርሳስና በወረቀት ብቻ ሊመረምረው የሚችል የመኪና ጠባይ ነው፤ የሞተሩን፣ የጎማውንና የነጂውን እግር ምሥጢር በአንድ ቁጥር አጠቃሎ ይናገራልና፣ ክብሩ የተጓደለበት ነገር ሆኖ ስላገኘሁት ጥቂት ልጽፍለት ወደድሁ።

የነዳጅ ፍጆታ ማለት መኪና አንድን መንገድ ለመሄድ ያቃጠለችው የነዳጅ ልክ ነው፤ ይህን ለማብራራት ቀለም አላባክንም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን መኪና ከነዳጅ ይልቅ አብዝታ የምትበላው አየርን መሆኑን ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን በሚገባ ይቃጠል ዘንድ ወደ 11 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋልና፣ ይህም በባሕር ጠረፍ ወደ 9,000 ሊትር፣ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ወደ 12,000 ሊትር የሚጠጋ ስፍራ ይይዛል። ለባሕር ጠረፍ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር ያላት አሮጌ መኪና ወደ ደጋ ስትወጣ ቤንዚኑ ለአየሩ እየበዛበት ጥቁር ጭስ የምትተፋው፣ ካንዴላዋም ጥላሸት የሚለብሰው ስለዚህ ነው፤ ነዳጁን በኮምፒዩተር የሚመጥኑት የዘመኑ ሞተሮች ግን ይህን ራሳቸው ያርሙታል። ከተቃጠለውም ኃይል ጎማውን ለማዞር የሚተርፈው እንደ ነገሩ ሩብ ያህሉ ነው፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ሙቀት ሆኖ ይበተናል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሰተኛ ምስክር እመጣለሁ፤ እርሱም በዳሽቦርዱ ላይ በክብር ተቀምጦ ሰው ሁሉ የሚያምነው የነዳጅ ጌጅ ነው። በዚህ ረገድ ከማያቸው ስሕተቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ጌጁ የነዳጁን መጠን ይለካል ማለት ነው። ጌጅ መጠን አይለካም፤ ከፍታን ይለካል። በነዳጁ ጋን ውስጥ በቀጭን ክንድ የተያዘ ትንሽ ተንሳፋፊ አለ፤ ነዳጁ ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ ክንዱም አብሮ ሲወርድ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ ጠቋሚውም ያን ለውጥ ተከትሎ ይሄዳል፤ ምሥጢሩ ሁሉ ይኸው ነው። ጋኑ አራት ማዕዘን ሣጥን ቢሆን ኖሮ የከፍታው ግማሽ የመጠኑም ግማሽ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ጋኑ ከኋላ ወንበር ሥር በተረፈው ቦታ እንዲገባ ሆኖ፣ እዚህ ለጭስ ማውጫው ጎብጦ፣ እዚያ ለአክሰሉ ተሰርጉዶ የተሠራ ስለ ሆነ፣ አንዱ ጣት የሚያህል ከፍታ አምስት ሊትር ሲይዝ ሌላው ጣት የሚያህለው ሦስት ብቻ ሊይዝ ይችላል።

በዚህም ላይ ጋኑ እስከ አፍ ጢሙ ሲሞላ ተንሳፋፊው ነዳጁ ከአፉ ከመድረሱ በፊት ከመጨረሻ ከፍታው ደርሶ ይቆማል፤ ስለዚህ ጥቂት ሊትር እስኪቃጠል ድረስ ጠቋሚው ከ«ሙሉ» ምልክት ንቅንቅ አይልም። ባለ መኪናው በዚህ ጊዜ ከቦሌ እስከ ሰበታ ደርሶ መልስ ይነዳና፣ ጠቋሚው ባለመውረዱ እየተደነቀ ለወዳጆቹ ሁሉ «ይህች መኪና ነዳጅ አታውቅም» ብሎ ያበሥራል፤ ወዲያው ደግሞ ጠቋሚው ከግማሽ በታች ባለው ጠባብ የጋኑ ክፍል ውስጥ መንደርደር ሲጀምር፣ ያው ሰው ወደ ጋራዥ ሮጦ «ነዳጅ አብዝታብኛለች» ይላል፤ መካኒኩም ሰው ነውና የመጣለትን ገበያ አይመልስም። መኪናዪቱ ግን በሁለቱም ጊዜ የበላችው አንድ ዓይነት ነው። በእንጦጦ ዳገት ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ የቆመች መኪና ጌጅና በመስቀል አደባባይ ሜዳ ላይ የቆመችው ጌጅ እንደማይስማሙም ማንም ሊሞክረው ይችላል። ስለዚህ «በግማሽ ወጣሁ፣ በሩብ ገባሁ» ብሎ ፍጆታ የሚያሰላ ሰው ሒሳብ የሠራ ቢመስለውም ያሰላው የጋኑን ቅርጽ ነው።

በፍርድ ላይ ወገን ላለመለየት ያህል፣ በጌጁ ላይ አንዲት እውነተኛ ነገር እንዳለች እመሰክራለሁ፤ እርስዋም ከነዳጅ መቅጃው ሥዕል አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀስት ናት። የጋኑ ክዳን በቀኝ ወይም በግራ መሆኑን የምትጠቁም ናት፤ ጂም ሞይላን የተባለ የፎርድ ኩባንያ መሐንዲስ በ1986 እ.ኤ.አ. አሳስቦ በ1989 ሞዴሎች ላይ የወጣች ናት። ማደያ ገብተው መኪናቸውን ሦስት ጊዜ የሚያዞሩ፣ ከኋላቸውም ያለውን ሰልፍ ሁሉ የሚያጉላሉ ሰዎች ዓይናቸው ሥር ያለችውን ይህችን ቀስት ቢያዩ ምን ነበረበት?

ጌጅ ሳይኖር ፍጆታ ይታወቅ እንደ ነበር የሚያስረዳ ጥሩ ማስረጃ ቮልስ ናት። እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ በተሠሩት ቮልሶች ዳሽቦርድ ላይ የነዳጅ ጌጅ አልነበረም፤ በጌጁ ፈንታ ከነጂው እግር አጠገብ አንዲት ትንሽ መክፈቻ ነበረች፣ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር በእግር ጣት ትገፋና በጋኑ ግርጌ የተጠበቀውን ወደ አምስት ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ ትለቅ ነበር። በሰፈራችን እንዲህ ያለች ቮልስ የነበራቸው፣ እኛ ሕፃናቱ «የኔታ» የምንላቸው አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ የፊት ክዳኑን ከፍተው በቢላ ጭረት የተመለከተበት የወይራ ዘንግ ወደ ጋኑ ይሰዳሉ፣ አውጥተው በዓይናቸው ይለካሉ፣ ከዚያም በወንበሩ ኪስ ካለች ጠባብ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን ይጽፋሉ። «ጋሼ፣ ለምን ይጽፉታል?» ብሎ የጠየቃቸውን የሠፈሩን ጎረምሳ፣ «ልጄ፣ መኪና አትናገርም፤ የምትናገረው በዚህ ነው» ብለው ደብተሩን በጣታቸው መታ መታ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ጌጅ የሌላት መኪና ባለቤት ጌጅ ካላት ባለቤት ይልቅ የመኪናውን ሆድ ያውቅ ነበር፤ የሚያሰንፈው ነገር አልነበረውምና።

የርሳቸው ሥርዓት ዛሬም ይሠራል፣ ዘንግም አይፈልግም። ነጂው ወደ ማደያ ገብቶ ቀጂውን «ሙላልኝ» ይለዋል፤ የመቅጃው ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ በነዳጅ ስትሸፈን አየር መሳብ ያቅታትና መቅጃው ራሱ «ቀጭ» ብሎ ይዘጋል፤ ያ ድምፅ የልኬቱ መነሻ ነው፣ ከዚያ በላይ እየጨመቁ መጨመር ልኬቱን ከማበላሸቱም ሌላ ነዳጅ መድፋት ነው። የጉዞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሶ እንደ ልማዱ ይነዳል፤ በሌላ ቀን፣ ቢቻል በዚያው ማደያ፣ እንደገና እስኪዘጋ ያስሞላል። በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር በመካከል የተቃጠለው ነው፤ ሊትሩ በኪሎ ሜትሩ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ፍጆታው ይወጣል። በ420 ኪሎ ሜትር 38 ሊትር የገባላት መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ከጥቂት ፍርፋሪ በልታለች ማለት ነው። ጋኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም፤ የሚያሻው መነሻውና መድረሻው አንድ ልክ መሆኑ ብቻ ነው። አንዱ ሙሌት ከሌላው ጥቂት ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ስለሚችል ግን፣ በአንድ ልኬት መፍረድ አይገባም፤ አራት አምስቱን ደምሮ ማካፈል ነው።

የዚህ ሥርዓት ዋና ጠላት «የ500 ብር ቅዳልኝ» የሚለው ልማድ ነው። የኪስ ነገር መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ብር የነዳጅ መለኪያ ሆኖ አያውቅም፤ በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ አካባቢ ከ32 ብር በታች የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም አጋማሽ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ያው 500 ብር ከ15 ሊትር በላይ ይገዛ የነበረው አምስት እንኳ መሙላት አቃተው፤ «መኪናዬ ድሮ በ500 ብር ሳምንቱን ታደርሰኝ ነበር» የሚል ሰው እንግዲህ የሚከሰው መኪናዪቱን ነው ወይስ ገበያውን? በብር የሚቀዳም ሰው ቢሆን ሊትሩን ከማሽኑ አንብቦ ይደምር፣ ወር በገባ ቁጥርም አንድ ጊዜ ይሙላ። ክፍያው በስልክ ከሆነ ወዲህ ቀኑና ገንዘቡ ያለ ድካም ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የጎደለው ኪሎ ሜትሩን መጻፍ ነው፣ ይህን ያህል ደግሞ ሰነፍም ይችላል።

«በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚለው አጠያየቅም አሳሳች ነው። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የምትሄድ የጭነት መኪና ተጠግና 6 ብትሄድ፣ በሊትርም 10 የምትሄድ የቤት መኪና በሌላ ተለውጣ 14 ብትሄድ፣ ሰው ሁሉ የሚያጨበጭበው ለሁለተኛይቱ ነው፤ ሆኖም በ10,000 ኪሎ ሜትር ሲሰላ የመጀመሪያዪቱ ከ2,000 ሊትር ወደ 1,667 ወርዳ 333 ሊትር ስታተርፍ፣ ሁለተኛዪቱ ከ1,000 ወደ 714 ወርዳ 286 ብቻ ታተርፋለች። በ100 ኪሎ ሜትር የሚያሰላ ሰው ይህ ስሕተት አያገኘውም።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ወርዶ በዚያ ጉዞ ብቻ መኪናውን የሚያወድስም አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ስትወርድ ከተራራው የምታገኘው ብድር ወደ አንድ ሊትር ቤንዚን የሚጠጋ ነው፣ ስትመለስም ትከፍለዋለች። ስለዚህ የደርሶ መልስ እንጂ የመሄጃ ልኬት ዋጋ የለውም። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርገው የሚለቁትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የዘመኑ ሞተር በማርሽ እያለ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋል፣ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋልና፤ በዜሮ ማርሽ ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል ግድ ይሆንበታል። ነዳጅ ቆጠብሁ ያለው ሰው ነዳጅ ጨመረ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ ቁልቁለት ደግሞ የሞተሩን መያዣ ጥሎ ነፍሱን ለፍሬን ብቻ አስረከበ። በካርቡራተር ዘመን የተማሩ ነጂዎች ልማዱን ለልጆቻቸው አውርሰዋል፤ ከሚኒባስ ወንበር ላይ ሆኜ የተናገርኋቸውም «አንተ ነህ የምትነዳው?» ብለውኛል።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች ስክሪን ላይ የሚታየው የፍጆታ ቁጥር ከጌጁ ይሻላል፤ ሆኖም እርሱም ነዳጁ የተረጨበትን ጊዜ ቆጥሮ የሚገምት ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜም ባለቤቱን ለማስደሰት ያዘነበለ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ከደብተሩ ጋር ሳያመሳክሩ ማመን አይገባም።

ደብተሩ ለጥቂት ወራት ከተያዘ በኋላ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከፍ ያለ እንደ ሆነ፣ ወደ ጋራዥ ከመሮጥ በፊት ጎሚስታ ዘንድ ቀርቦ የጎማውን ንፋስ ማስለካት፣ የማያስፈልግ ፖርቶመጋላ ካለ ማውረድ፣ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ማየት ይገባል። እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ የሚቀረው ፍሬን ነው፤ አሥር ደቂቃ ያህል በሜዳ ነድቶ፣ ፍሬን ሳያበዙ ቀስ ብሎ ቆሞ፣ እጅን ሳያስነኩ ወደ አራቱ ቸርኬዎች ማስጠጋት ነው፤ ከሦስቱ ይልቅ አንዱ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷልና፣ መካኒኩን ሌላ ነገር ሳያስፈቱ በቀጥታ እርሱን ማሳየት ነው።