ጀርባውን ለባጃጁ

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ተርኮ ካስለመደን ወዲህ ትረካ ወዳዱ ብዙ ነው። የዛሬው ተራኪ ግን የግድ ሬዲዮ ጣቢያ መሄድ የለበትም። መኝታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕና ማይክ ያስቀምጥና ይቀዳል።

ጎንደር ውስጥ ቀሐ አካባቢ ይህን የሞከረ ሰው የማይክን ባሕርይ ቶሎ ያውቀዋል። ዳገቱን የሚወጣ ባጃጅ፣ የጎረቤት ሙቀጫ፣ ሰዓት የማያውቅ አውራ ዶሮ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፤ ሁሉም ከትረካው ጋር ይገባሉ። እኛ እነዚህን የማንሰማቸው አንጎላችን የለመደውን ድምፅ ስለሚተወው ነው። ማይክ መተው አያውቅም። በክረምት ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ መፍትሔው ማይኩን ዘግቶ ሻይ መጠጣት ብቻ ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱም ትረካ ልቅዳ ከሚል በዓሉን ራሱን ቢቀዳ ይሻለዋል።

በሌላው ቀን ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል፤ ትልቁም ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ርቀት ነው። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ድምፃችን ማይኩ ጋ በ6 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ብሎ ይደርሳል። የባጃጁ ድምፅ ግን ባለበት ነው፤ እሱ ከመንገድ ስለሚመጣ ሠላሳ ሳንቲሜትር ወዲህ ወዲያ ማለት አይለውጠውም። ስለዚህ ከ40 ሳንቲሜትር ወደ 10 የተጠጋ ተራኪ 12 ዴሲቤል አተረፈ ማለት ነው። ያኔ የማይኩን ጌን (ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን) ዝቅ ያደርጋል፤ ጌኑ ሲወርድ ሰፈሩም አብሮ ይወርዳል። ብዙ ጀማሪ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ጌኑን እስከ ጫፍ ይከፍታል። መጠጋት የራሱ ጣጣ አለው። ድምፅን ያጎረንናል፣ «ፖሊስ» ሲባል ደግሞ ከ«ፖ» የሚወጣው አየር ማይኩን ይመታዋል። ማይኩን ከአፍ ትይዩ ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ ይህን የአየር ምት ያቃልለዋል።

ቀጥሎ አቅጣጫው ነው። ካርዲዮይድ የሚባለው የማይክ ዓይነት ከፊቱ ያለውን በደንብ ይሰማል፣ ከጀርባው የሚመጣውን በጣም ያዳክማል። ስለዚህ መንገድ ዳር ያለው መስኮት በማይኩ ጀርባ በኩል ይሁን። ተናጋሪው መስኮቱን አይቶ ይቀመጣል፣ ማይኩ እሱን ያያል። የላፕቶፑ ፋንም ቢቻል በዚያው በጀርባው በኩል ቢሆን ጥሩ ነው። የማይኩ መቆሚያ ጠረጴዛው ላይ ከሆነ የኪቦርድ ኳኳታ በእንጨቱ በኩል ይወጣል፤ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ ማድረግ ነው።

ጋቢ መስቀልን ብዙ ሰው ይመክራል። ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። ከተናጋሪው ጀርባ የተንጠለጠለ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጣል፣ ትረካው ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተነበበ እንዳይመስል ያደርጋል። የውጭውን ባጃጅ ግን አያቆመውም። ድምፅ እንዳያልፍ የሚከለክለው ክብደት ነው፤ በዚህ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከቀጭን ቆርቆሮ እጅግ ይሻላል። ወደ ጓሮ የዞረ ክፍል ካለ ከየትኛውም ጨርቅ ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እምም…» የሚል ወፍራም ድምፅ ከቀረ ብዙ ጊዜ የመብራቱ ነው፤ የአገራችን መስመር 50 ሄርዝ ነውና። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት አንዳንዴ ወዲያው ይገላግላል።

ሶፍትዌሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ። በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ የማንም ድምፅ የሌለበት ቁራጭ ናሙና ወስዶ ያንን የሚመስለውን ከቅጂው ይቀንሳል። ለዚህ ሲባል ከንባቡ በፊት ጥቂት ሰከንድ ዝም ብሎ ክፍሉን መቅዳት ያስፈልጋል። አደጋው ማብዛቱ ነው። «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ራሳቸው የአየር ሽውታ ስለሆኑ ፕሮግራሙ ከጫጫታው ጋር ያጠባቸዋል፤ ተራኪው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ጸጥታ ሲሆን ድምፁን የሚዘጋው ኖይዝ ጌት ደግሞ ለመከፈት ከዘገየ የ«ጠ»ን እና የ«ቀ»ን ፍንዳታ ይበላል፤ «ጠጅ» ያለው ሰው «አጅ» ያለ ይመስላል። ጫጫታውን 6 ወይም 8 ዴሲቤል ቀንሶ ቀሪውን መተው ይሻላል። በቃላት መካከል ከሩቅ የሚሰማ አውራ ዶሮ ያን ያህል አይጎዳም።