ፋብሪካውና ጎረቤቶቹ

በከባድ ኢንዱስትሪና በአካባቢው ነዋሪ መካከል ጠብ ሲነሣ «ልማት ወይስ ጤና?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ጥያቄው ግን ያሳስታል። ከፋብሪካ አጥር ሥር የሚኖር ሰው ልጁ እዚያው ሥራ ቢያገኝለት ደስታው ነው። የሚቆጣው ጭሱና ፍሳሹ ምን እንደያዘ የሚነግረው ሲያጣ ነው። ጠቡን የሚያከርረው፣ ምርመራው በማን እጅ እንዳለና ውጤቱ ለማን እንደሚነገር ነው።

የጃፓኗ ሚናማታ ይህን በግልጽ ታሳያለች። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ የያዘ ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። ፍሳሹ ያመጣው በሽታ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በ1959 የፋብሪካው ሐኪም ፍሳሹን ከምግብ ጋር ለድመት ሰጥቶ መንስኤውን ደረሰበት፤ ኩባንያው ግን ውጤቱን ደበቀ። የጃፓን መንግሥት ይህን ያመነው በ1968 ሲሆን፣ እስከዚያው ፍሳሹ አልቆመም ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ የሞጆን የቆዳ ፋብሪካዎች እንይ። ቆዳ ሲለፋ ክሮም ይገባበታል፤ ፍሳሹ የሚገባበት የሞጆ ወንዝም የሚወርደው ወደ ቆቃ ሐይቅ ነው። ሐይቁን አረንጓዴ የሚያደርጉት መርዝ አመንጪ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚራቡት ግን ከእርሻ በሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ በሚመጣ ቆሻሻም ጭምር ነው። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ አካል «የእኔ አይደለም» ለማለት ይመቸዋል፤ ውሃውን የሚጠጣው ሰው የሚከሰው ያጣል።

ከሁሉ የከረረው ጠብ በጉጂ፣ ሻኪሶ አጠገብ ባለው በለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ዙሪያ የተነሣው ነው። ነዋሪዎች ሕፃናት ከአካል ጉዳት ጋር እየተወለዱ፣ ከብቶቻቸውም እያለቁ መሆኑን ለዓመታት ተናግረዋል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ተቃውሞ ሲበረታ ፈቃዱ ታገደ፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራው ቀጠለ። መንግሥት ያስጠናቸው የጤናና የአካባቢ ጥናቶች ግን በወቅቱ ለሕዝብ ይፋ አልሆኑም። እንዲህ ሲሆን ጭምጭምታና ፍርሃት የእውነትን ቦታ ይይዛሉ፤ ያን ፍርሃት አላዋቂነት ብሎ መናቅ ደግሞ ግፍ ነው።

ሕጉ ራሱ ደካማ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የግል ጥቅሙን ማስረዳት ሳያስፈልገው ማንም ሰው በበካይ ላይ አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ሆኖም አንድ የሰብአዊ መብት ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ሲከስ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። በር ቢከፈትም፣ የላቦራቶሪ ማስረጃ የሌለው ገበሬ ይዞት የሚገባው ነገር የለም።

ስለዚህ የፍሳሽና የጭስ ምርመራ ከፋብሪካው ነጻ በሆነ አካል ይካሄድ፤ ውጤቱም በነዋሪው ቋንቋ ተጽፎ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።