ስለ ጠጕር አያያዝና ስለ መሥሪያ ቤት ክብር

በቤተ ሰብ መካከል ክርክር ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ የወጣቶች የጠጕር አያያዝ ነው። ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሊጠይቅ በሚወጣበት ማለዳ አባት «ይህን ጠጕርህን ሳትቈረጥ ወዴት ትሄዳለህ?» ይለዋል፤ ልጁም «የሚቀጥሩኝ እጄንና ዕውቀቴን ብለው ነው እንጂ ጠጕሬን ብለው ነው ወይ?» ብሎ ይመልሳል፤ እናትም በሁለቱ መካከል ቆማ ለማን እንደምትፈርድ ይጨንቃታል። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን በዚሁ ምክንያት እንጀራቸውን ያጡ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር ስለ ተገኙ፥ ጕዳዩም እስከ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለ ደረሰ፥ እኛም ከመዝገብና ከችሎት ጋር የምንውል ሰዎች እንደ መሆናችን ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፥ ከልማድ የወጣ ጠጕር የሚባለው የትኛው ነው? የሚለው ነው። ዛሬ አለቆች የሚነቅፉት ጎፈሬን፥ በወንድ ራስ ላይ የተሠራ ሹሩባን፥ ወጣቶች ድሬድ የሚሉትን እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የሚወርደውን ቍንዳላ፥ እንዲሁም በልዩ ልዩ ቀለም የተነከረውን ጠጕር ነው። ከእነዚህ የመጨረሻውን ትተን የቀሩትን ብንመረምር፥ ለአያቶቻችን እንግዳ የሚሆንባቸው አንድም የለም። በቀድሞው ዘመን የሰው ጠጕር እንደ ደብዳቤ ይነበብ ነበር። ቍንጮ ያለው ሕፃን ወንድ፥ ጋሜ የተደረገላት ሕፃን ሴት፥ መኻል ራሷን የተላጨች ሳዱላ ያላገባች ልጃገረድ መሆኗ ይታወቃል፤ ጠጕሩን የተላጨ ሰው ሲታይ ኀዘን እንደ ደረሰበት ሳይጠየቅ ይታወቃል። በጦር ሜዳ ጀብዱ የሠራ ሰው ጠጕሩን መሠራቱ ደግሞ የክብሩ ምልክት ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ የተሠሩ ንጉሥ እንደ ነበሩ ሥዕላቸው ይመሰክራል። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በሞቱ ጊዜ እንግሊዞች ከዘረፉት ሀብት ጋር ከራሳቸው ጠጕር ቈርጠው ወደ አገራቸው ወሰዱ። ያም ጠጕር በለንደን በሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቈየ በኋላ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። ያን ጊዜ ደስ ያላለው ኢትዮጵያዊ አልነበረም ብንል ማጋነን አይሆንም። እንደዚሁም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞች ጠጕራቸው እንደ ዘውድ ተንጨብርሮ የተነሡት ፎቶግራፍ በብዙ ቤት ሳሎን ተሰቅሎ እናያለን። በዚያ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ ልጁን ስለ ጎፈሬው የሚቈጣ አባት ቢገኝ፥ ልጁ ቀና ብሎ ግድግዳውን ቢያይ ምን እንደሚመልስለት እኛ አናውቅም።

አጭር ጠጕር የመሥሪያ ቤት ሥርዓት ሆኖ የመጣው ከዘመናዊው ትምህርት ቤትና ከወታደር የደንብ ልብስ ጋር ነው፤ ለንጽሕናም እንደ ጠቀመ አይካድም። ካህናት አባቶቻችን ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት በምዕራፍ 11 ስለ ወንድ ረጅም ጠጕር የተናገረውን ይጠቅሳሉ። ይሁን እንጂ በዚያው በመጽሐፍ ቅዱስ የናዝራዊ ስእለት የተሳለ ሰው ምላጭ በራሱ ላይ እንዳያሳርፍ ታዝዟል፤ የሶምሶንም ኀይል ከጠጕሩ ጋር ምን ያህል እንደ ተያያዘ የሰንበት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በዚህ በኩል የሚመጣው ክርክር ለሁለቱም ወገን ጥቅስ አያጣም።

ከዚህ ወደ ፍርድ ቤቶች እንሻገር። የውጭ አገሩን ዘመን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን።

በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ ፖልስሙር የሚባል ታላቅ ወኅኒ ቤት አለ። በ2007 በዚህ ወኅኒ ቤት የሚሠሩ አምስት ወንዶች ጠባቂዎች ቍንዳላቸውን እንዲቈረጡ ታዘዙ። ከእነርሱ ከፊሎቹ የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታዮች ነበሩ፤ ይህም እምነት ስሙን የወሰደው ከአፄ ኀይለ ሥላሴ የቀድሞ ስም መሆኑን፥ ከተከታዮቹም ብዙዎች መጥተው በሻሸመኔ መኖራቸውን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የቀሩት ጠባቂዎች ደግሞ ጠጕራቸውን ያሳደጉት በኮሳ ሕዝብ የአባቶች ሥርዓት መሠረት እንደ ሆነ ተናገሩ። ሁሉም አንቈረጥም ስላሉ ከሥራ ተሰናበቱ።

ጕዳዩ በሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ተጀምሮ እስከ ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በማርች 28 ቀን 2013ም ፍርድ ተሰጠበት። የወኅኒ ቤቱ አስተዳደር ያቀረበው መከላከያ ሁለት ነው። አንደኛው፥ የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ካልሆነ ሥነ ሥርዓት ይፈርሳል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ቍንዳላ ያለው ጠባቂ የራስ ተፈሪያን ሰው ነው ተብሎ ስለሚታወቅ፥ እስረኞች ካናቢስ አስገባልን እያሉ ሊያባብሉት ይችላሉ የሚል ነበር። ዳኞቹም ማስረጃ ፈለጉ። እነዚህ ሰዎች በጠጕራቸው ምክንያት ሥራቸውን አጓድለዋል የሚል አንዳች ማስረጃ አልተገኘም። ደግሞም በዚያው ወኅኒ ቤት ሴቶች ጠባቂዎች ቍንዳላ እንዲያደርጉ ተፈቅዶላቸው ነበር። በሴት ራስ ላይ ሥነ ሥርዓት የማያፈርስ ጠጕር በወንድ ራስ ላይ እንዴት ያፈርሳል? ስለዚህ ስንብቱ በጾታ፥ በእምነትና በባህል ምክንያት የተደረገ አድልዎ ነው ተብሎ ተፈረደ።

በፈረንሳይም ይህን የሚመስል ነገር ሆኗል። የኤር ፍራንስ አየር መንገድ አንድ ወንድ አስተናጋጅ ከ2005 ጀምሮ ሹሩባ ተሠርቶ ቢመጣ አይሮፕላን እንዳይሳፈር ተከለከለ። ሥራው እንዳይቀርበት ብሎም ለጥቂት ዓመታት በገዛ ጠጕሩ ላይ ሰው ሠራሽ ጠጕር እየደፋ በረረ። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሰውየው ተገቢ መስሎ የታየው የራሱን ጠጕር ሸሽጎ የሌላውን ሲሸከም ነው። በመጨረሻ ከሥራ ወጥቶ ተከራከረ፤ ሰበር ሰሚው ችሎትም በኖቬምበር 23 ቀን 2022፥ ሴቶች አስተናጋጆች ሹሩባ ሲፈቀድላቸው ወንዱ መከልከሉ አድልዎ ነው ሲል ፈረደለት። በአሜሪካም የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በ2019 ባወጣው ሕግ ሹሩባን፥ ቍንዳላንና ጎፈሬን የመሰለ በዘር የሚታወቅ የጠጕር አያያዝ ሠራተኛን ለመከልከል ምክንያት እንዳይሆን ደነገገ፤ በዚያ አገር ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

የእንግሊዝ ዳኞች ከፈረስ ጠጕር የተሠራ ዊግ ደፍተው እንደሚያስችሉ የሰማ ሰው ደግሞ፥ ከልማድ የወጣ የሚለው ቃል በምን ሚዛን እንደሚለካ ይቸግረዋል። በፍትሐ ብሔርና በቤተ ሰብ ችሎት በ2008 ቢተዉትም፥ በወንጀል ችሎት ግን ልማዱ ቀጥሏል።

የሴቶች ልጆቻችን ነገር ከዚህ የከበደ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ወንዱ ተቈረጥ ሲባል ሴቲቱ ጠጕርሽን አለስልሺ ትባላለችና። ስለ ተፈጥሮዋ ከርዳዳ ጠጕር «ሥርዓት የለውም» የሚል ቃል በሰማች ቍጥር ወደ ካውያና ወደ ማለስለሻ መድኃኒት ትሮጣለች። በአሜሪካ 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል የተከታተለ ምርመራ በኦክቶበር 2022 ታትሞ ነበር። ማለስለሻ ከማይጠቀሙት ሴቶች እስከ 70 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ በማኅፀን ነቀርሳ የሚያዙት ከመቶ 1.64 ሲሆኑ፥ አዘውትረው ከሚጠቀሙት ግን 4.05 እንደሚሆኑ ተገመተ። ይህ ብቻውን ጥፋተኛው መድኃኒቱ ነው ብሎ ለመፍረድ አያበቃም፤ ይሁን እንጂ ለአለቃ ዓይን ደስ ለማሰኘት ሲባል እንዲህ ያለ ሥጋት መሸከም ተገቢ አይመስለንም።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ በመሥሪያ ቤት ደንብ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የሚሠራ ሰው ጠጕሩ ካልታሰረ ሕይወቱን ያጣል፤ በቀዶ ሕክምና ክፍልና በወጥ ቤት ያለ ሰው ራሱን መሸፈን አለበት፤ ያልታጠበ ጠጕርም አጭር ቢሆን እንኳ ባለጕዳይን ያስቀይማል። እነዚህ ደንቦች ምክንያታቸው ሥራው ስለ ሆነ ወንድንም ሴትንም እኩል ይይዛሉ። እኛ በበኩላችን አረንጓዴ የተነከረ ጠጕር ደስ አያሰኘንም፤ መዝገብ በማገላበጥ ያረጀ ዓይን ድንገተኛ ቀለም አይወድምና። ነገር ግን ጸሐፊው ፋይሉን ሳያጠፋ፥ ቀጠሮውን ሳያዛባ፥ ባለጕዳዩን በትሕትና ካስተናገደ፥ የእኛ አለመውደድ ከደመወዙ የሚያሰናብት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

በአገራችን ሕግ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 26 ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት የማይሆኑትን ሲዘረዝር ጾታንና ሃይማኖትን፥ ዘርንና ቀለምን ይጠራል። ጠጕር በስሙ አልተጻፈም። እንግዲህ ቍንዳላውን በእምነቱ ምክንያት ያሳደገ፥ ወይም ለሴቶች በተፈቀደው የተከለከለ ሠራተኛ የሚከራከርበት በር ያገኛል፤ ለጌጥ ብቻ የተነከረው ግን በሩ ይጠብበታል። ስለዚህ አለቆች ደንባቸውን ከቅጥር በፊት በጽሑፍ ቢያስታውቁና «ለመሥሪያ ቤቱ የሚገባ መልክ» በሚል ድፍን ቃል ፈንታ የሚፈልጉትን ለይተው ቢጽፉ ብዙ ክርክር ይቀራል። ወጣቱም ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይህን ደንብ አሳዩኝ ቢል ድፍረት አይሆንበትም።

ለእናቶች የምንጨምረው ቃል አለ። ልጅ ለሥራ ፈተና ስትሄድ አምራ እንድትታይ ብሎ ሹሩባዋን አጥብቆ መሥራት፥ በተለይ በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል፥ ጠጕሩን ከሥሩ እየሳበ ያሳሳዋል፤ ብዙ ጊዜ ሲደጋገምም መልሶ ላይበቅል ይችላል። እጃችሁን አላላ አድርጋችሁ ሥሩላት። ቅቤውንም ቢሆን ለቅዳሜ ማታ ብታቈዩት፥ በጠባብ ክፍል አብረዋት የሚውሉት ጸሐፊዎች ሁሉ ያመሰግኗችኋል።